ክሮስ ሞተር ሲነሳ ቢያጨስ፦ ሲሊንደሩን ከማስከፈታችሁ በፊት

«ጋሼ፣ ጠዋት ሳስነሳው ያጨሳል። ፋሻው አልቋል አሉኝ።»

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለችው ትንሽ ጋራዤ ይህን የማልሰማበት ሳምንት የለም። የሚሉኝ ክሮስ ሞተር፣ ማለትም የአቧራና የገጠር መንገድ ሞተርሳይክል፣ የያዙ ልጆች ናቸው። ፋሻ የሚሉት ፒስተኑ ላይ የሚገባውን የብረት ቀለበት ነው። አንዳንዱ ሞተር ቅዳሜና እሁድ እንጦጦና ሱሉልታ የሚወጣ ነው። አንዳንዱ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የተገዛ የድሮ ያማሃ ወይም ሆንዳ ነው። ባለቤቶቹ ግን ሁሉም አንድ ነገር ተነግሯቸው ይመጣሉ፦ ይከፈት።

እኔ ደግሞ አይከፈት ባይ ነኝ። ቢያንስ ዛሬ አይከፈት። ሲሊንደር ያለ በቂ ምክንያት ሲከፈት ጓርኒሲዮኑ (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ይበላሻል፣ የብሎን ጥርስ ይበላል፣ ደህና የነበረው ፋሻም ከተላመደበት ቦታ ይነቃነቃል። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው። ጤነኛ ኢንጂን ማድማት ግን ያሳዝነኛል።

ስለ ጭስ ሲወራ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ቀለሙን ነው። ቀለሙ ይጠቅማል፣ እደርስበታለሁ። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሰዓቱን ነው። ጭሱ መቼ መጣ? መቼ ጠፋ? ስትነሳ ብቻ ነው ወይስ ስትሄድም አለ? አንድ ሌሊት ካደረች በኋላ ነው ወይስ ወር ከቆመች በኋላ? ተገልብጣ ነበር? ትናንት ታጥባ ነበር? እነዚህን በትክክል የመለሰ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ጠዋት የሚደረገው ምርመራ

ማታ ሞተሯን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟት። የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉ። በዚያ ቀን አትጠቧት፤ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ውስጥ የገባ ውሃ ጠዋት ነጭ እንፋሎት ሆኖ ይወጣና ያደናግራችኋል።

ጠዋት ሳትነኳት ወደ ውጭ አውጧት። በረንዳ ላይ ወይም በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አታስነሱ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ይህን ሁሌም ደጋግሜ እናገራለሁ።

ከማስነሳታችሁ በፊት የዘይቱን መጠን እዩ። ፎር ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የማይቀላቀል) ከሆነ ዘይቱን አሽትቱትም። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና መጠኑ ከነበረው ከፍ ካለ ምርመራው እዚያው አበቃ ማለት ይቻላል። የካርቡራቶሩ ተንሳፋፊ መርፌ አልዘጋ ብሎ፣ መዝጊያው ሳይዘጋ በቆመችባቸው ያለፉ ሌሊቶች ቤንዚን ወደ ታች ሲያንጠባጥብ አድሯል። ዘይቱ ቀጥኗል፣ በዝቷል፣ ስትነሳም በመተንፈሻው በኩል ወጥቶ ይቃጠላል። በዚህ ሁኔታ አታስነሷት፤ የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታ ይበላል። መርፌውን አስቀይሩ፣ ዘይቱን ቀይሩ፣ ከዛሬ ጀምሮም ስታቆሙ ቤንዚኑን ዝጉ።

የዘይት መለኪያውን አነባበብም ልብ በሉ። ብዙ ሆንዳዎች ላይ ዘንጉ ተጠርጎ፣ ተመልሶ ሳይጠመዘዝ፣ እንዲያው ገባ ተደርጎ ብቻ ነው የሚነበበው። አጥብቆ የሚለካ ሰው ሳይሞላ የሞላ ይመስለዋል። ተጠምዝዞ የሚነበበውን ደግሞ ሳያጠብቅ የሚለካ ሰው የጎደለ ይመስለዋል። ይጨምራል፣ ይሞላል፣ ከዚያ ሞተሯ ማጨስ ትጀምራለች። ዘይቱን ወደ ልኩ ስንመልሰው ብቻ ጭሷን የተወች ሞተር አይቻለሁ።

አሁን አስነሱ። ጋዝ አትስጡ፣ በሚኒሞ ትሥራ። ጓደኛችሁ ከኋላ ሆኖ በስልክ ይቅረጽ። ነጭ ወረቀት ከማርሚታው አፍ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ ለጥቂት ሰከንድ ያዙ። የውሃ ጠብታ ብቻ ከሆነና ሲደርቅ ምልክት ካልተወ እንፋሎት ነው። ቅባት ያለው ነጠብጣብ ዘይት ነው። ጣት ላይ የሚቀር ደረቅ ጥቁር ዱቄት የበዛ ቤንዚን ነው።

የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ብርዱ ይታወቃል። በዚያ ሰዓት ነጭ ሆኖ ወጥቶ ማርሚታው ሲሞቅ የሚጠፋ እንፋሎት በሽታ አይደለም። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፤ ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ ይታያል። ተዉት።

ሰማያዊ ጭስ፣ ፎር ስትሮክ ላይ

ሰማያዊ ማለት ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ጥያቄው ዘይቱ በየት በኩል ገባ የሚለው ነው። ከላይ በቫልቭ በኩል ወይስ ከታች በፋሻ በኩል?

ሌሊት ቆማ አድራ ስትነሳ ቡፍ ብላ፣ ከጥቂት ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ አጭሳ፣ ከዚያ ጥርት ካለች እኔ የምጠረጥረው የቫልቭ ጎማዎቹን ነው። እነዚህ በቫልቩ ዘንግ ላይ የሚቀመጡ ትናንሽ ጎማዎች በሙቀት ብዛት ይደርቃሉ። ሞተሯ ስትቆም ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ የቀረው ዘይት በዘንጉ በኩል ቀስ እያለ ይወርዳል። ጠዋት የምታዩት ጭስ ያ ዘይት ነው።

ፋሻ ከሆነ አመሉ ሌላ ነው። ስትነሳ ታጨሳለች፣ ከሞቀችም በኋላ ጋዝ ሲሰጣት ታጨሳለች፣ አቀበት ላይ ይብስባታል። ዘይትም በግልጽ ትጨርሳለች። ጉልበቷም ይቀንሳል።

ሁለቱን ለመለየት የቸርችል ጎዳናን ቁልቁለት እወደዋለሁ። እሁድ ማለዳ መኪና ሳይበዛ ከማዘጋጃ ቤት ተነሱ። ሞተሯ ትሙቅ። በሁለተኛ ማርሽ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ለቃችሁ፣ ፍሪሲዮን ሳትይዙ፣ በሞተሯ ጉልበት እየተያዛችሁ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ አቅጣጫ ውረዱ። ከዚያ ጋዙን በልኩ ክፈቱ። ከኋላ የሚከተላችሁ ሰው የሚያየው ወሳኝ ነው። ጋዝ ሲዘጋ ሲሊንደሩ በኃይል ይስባል፤ ያረጀ የቫልቭ ጎማ ካለ ዘይቱ በዚያ በኩል ይሳባል። ጋዙ ሲከፈት አንድ ትልቅ ሰማያዊ ቡፍታ ወጥቶ ከጠፋ ቫልቭ ነው። ጋዙ እስከተከፈተ ድረስ ጭሱ ከቀጠለ ወደ ፋሻ አዘንብሉ። ታርጋ የሌላት ሞተር ከሆነች ግን ከተማ ውስጥ አትሞክሩት። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ መንገድ ዳር ካሉት ሜዳዎች ያዘቀዘቀ ቦታ ፈልጉ።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት፣ ይለካል። እዚህ ላይ ነው አዲስ አበባ ብዙ ሰው የምታሳስተው።

ኢንጂኑን አሙቁ፣ ካንዴላውን (ብልጭታ የሚሰጠውን) አውጡ፣ መለኪያውን በቦታው እሰሩ። ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ያዙ፣ መርፌው መጨመር እስኪያቆም ኪኩን ደጋግማችሁ ምቱ። ቁጥሩን መዝግቡ። የሞተሯ መጽሐፍ 150 ፒኤስአይ ይላል እንበል፤ እናንተ 115 አገኛችሁ። «አለቀላት» የሚባለው እዚህ ጋ ነው። አላለቀላትም። የከተማችን መሀል ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ስለሆነ መለኪያውም በዚያው ልክ ይወርዳል። ከ150 ሦስት አራተኛው 112 ገደማ ነው። ስለዚህ 115 ያላት ሞተር ጤነኛ ናት። በዚህ ምክንያት ብቻ ተከፍተው፣ አዲስ ፋሻ ገብቶላቸው፣ ተመልሰው ያንኑ ቁጥር ያሳዩ ሞተሮች እጄ ላይ ገብተዋል። እባካችሁ የመጽሐፉን ቁጥር በሦስት አራተኛ ሳታባዙ አትፍረዱ።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ፎር ስትሮክ ክሮሶች ኪክ እንዲቀል ተብሎ በራሱ የሚሠራ የግፊት ማስተንፈሻ አላቸው። እሱም ንባቡን ዝቅ ያደርጋል። መጽሐፉ የሚሰጠው ቁጥር ይህን አስቦ ነው ወይ የሚለውን አረጋግጡ።

ንባባችሁ ከተባዛው ቁጥርም ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ 5 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ዘይቱ ፋሻውና ሲሊንደሩ መሀል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍናል። ቁጥሩ ብድግ ካለ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው። ካልተነቃነቀ አየሩ የሚያመልጠው በቫልቭ ወይም በቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው። አሁን ይከፈት ብትሉ እኔም አብሬያችሁ እከፍታለሁ።

ከተከፈተ ደግሞ በደንብ ይታይ። ፋሻው ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ የጫፎቹ ክፍተት በፊለር ጌጅ (ስስ የብረት ቅጠል መለኪያ) ይለካ። የቫልቭ ጎማ ሲቀየር ቫልቩ በማቀፊያው ውስጥ ወዲያ ወዲህ መወዛወዙ ይፈተሽ። ማቀፊያው ካለቀ አዲሱ ጎማ ብዙ አይቆይም። የሲሊንደሩን ዓይነት ሳታውቁ ወደ ቶርኖ ቤት እንዳትልኩት። የድሮዎቹ ያማሃ ኤጂና ሆንዳ ኤክስኤል የብረት እጅጌ ያላቸው ስለሆኑ ይሞረዳሉ፣ ከፍ ያለ ልክ ያለው ፒስተን ይገባላቸዋል። የዘመኑ የውድድር ክሮሶች አብዛኞቹ ግን ሲሊንደራቸው ኒካሲል የሚባል ስስና ጠንካራ ልባስ አለው። ያንን መሞረድ ማበላሸት ነው።

አንድ ነገር ልርሳው ነበር። ሞተሯ ወድቃ ተገልብጣ ከነበረ ዘይት በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ፊልትሮው ቤትና ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ስትነሳ ሰማዩን የሚሸፍን ጭስ ታወጣለች። ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ከጠራ አለቀ። ኪኩ አልረገጥ ካለ ግን በኃይል አታስገድዱት። ካንዴላውን አውጥታችሁ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይውጣ።

ቱ ስትሮክ ከሆነች

ቱ ስትሮክ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አውቃ ነው የምታቃጥለው። ቀዝቃዛ ሆና ስትነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ተፈጥሮዋ ነው። ከሞቀች በኋላም ካልቀነሰ ነው የምንጠይቀው።

መጀመሪያ ቅልቅሉ። አምራቹ 40 ለ 1 ካለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 25 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። 32 ለ 1 ከሆነ 31 ሚሊ ሊትር፣ 50 ለ 1 ከሆነ 20። በሃይላንድ ክዳን ወይም በዓይን ግምት የሚቀላቅሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ከፋርማሲ ትልቅ ስሪንጅ ግዙ። ርካሽ ነው፣ አይዋሽም። ዘይቱም የቱ ስትሮክ ዘይት ይሁን። ጃሶ (የጃፓን የዘይት ደረጃ) ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚል ምልክት ያለበት ጭሱ አነስተኛ ነው። ጭስ ለመቀነስ ብላችሁ ግን ከተባለው በታች ዘይት አትቀንሱ። ፒስተኑ ይነክሳል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል።

ያማሃ ኤጂ 100ን የመሰሉት ዘይቱን ከራሱ ታንክ በፓምፕ የሚስቡ ናቸው። እነዚህ ለሳምንታት ቆመው ሲነሱ ብቻ ሠፈሩን በጭስ የሚያለብሱ ከሆነ ፓምፑ ላይ ያለውን ዘይት እንዳይመለስ የሚከለክል ትንሽ ቫልቭ እጠረጥራለሁ። ካልዘጋ ዘይቱ ሞተሯ ቆማ እያለችም ቀስ እያለ ወደ ኢንጂኑ ይወርዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከፓምፑ የሚወጣውን ቀጭን ቱቦ ከጫፉ ነቅላችሁ ንጹሕ ኩባያ ውስጥ አሳድሩት፣ የተነቀለበትን ቀዳዳም ድፈኑት። ጠዋት ኩባያው ውስጥ ዘይት ካለ በሽታው ተገኘ። ቱቦውን ስትመልሱ ውስጡ የገባው አየር ተጠርጎ መውጣት አለበት። እስኪወጣ ድረስ ታንኩ ውስጥ የተቀላቀለ ቤንዚን ተጠቀሙ፤ አለበለዚያ ኢንጂኑ ያለ ዘይት ይሠራል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። በፍሪሲዮን በኩል ያለው የክራንኩ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት የሚከለክለው ጎማ፣ ሲያልቅ የማርሽ ቤቱ ዘይት ወደ ክራንኩ ቤት ይሳባል። ጭሱ ይበዛል፣ ሽታው ከተለመደው የቱ ስትሮክ ሽታ ይለያል፣ ካንዴላውም በቶሎ ይረጥባል። የማርሽ ቤቱን ዘይት አውጡ፣ መጽሐፉ የሚለውን መጠን በትክክል ለክታችሁ ሙሉ፣ ለጥቂት ጊዜ ነድታችሁ እንደገና አውጥታችሁ ለኩ። ወደ ውጭ የሚያንጠባጥብ ሳይኖር ከጎደለ መንገዱ በዚያ ነው። ይህን ለመቀየር ደግሞ ሲሊንደር መንካት አያስፈልግም።

ጥቁር ጭስና ከፍታችን

ጥቁር ማለት ቤንዚን በዝቷል፣ አየር አንሷል። ቾኩ ተረስቶ እንዳይሆን እዩ። ከዚያ የአየር ፊልትሮ። በበጋ የሱሉልታ አቧራ ስፖንጁን በአንድ ቀን ይደፍነዋል። በቤንዚን አትጠቡት፤ ማጣበቂያውን ይፈታል፣ እሳትም ያስነሳል። በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ ሳትጠመዝዙ ጨምቁት፣ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ የፊልትሮ ዘይት ቀቡት፣ ትርፉን ጨምቃችሁ አውጡ።

እነዚህ ደህና ከሆኑ ካርቡራቶሩ ለባሕር ዳርቻ አየር የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ከውጭ በቀጥታ የገቡ ክሮሶች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ብሎን) ቤንዚን ያበዛል። ሲነሳና በሚኒሞ የሚያጨስ ከሆነ የሚመለከተው ትንሹ ጄትና የማስተካከያ ብሎኗ ናት። ዋናው ጄት ጋዝ ሙሉ ሲከፈት ነው የሚሠራው። ብሎኗ በአየር ፊልትሮው በኩል ካለች አየር ነው የምትቆጣጠረው፤ ወደ ውጭ ስትፈታ ቤንዚኑ ይቀንሳል። በኢንጂኑ በኩል ካለች ቤንዚን ነው የምትቆጣጠረው፤ ወደ ውስጥ ስትጠብቅ ይቀንሳል። በሩብ ዙር በሩብ ዙር ሂዱ። ጄት መቀየር ካስፈለገም አንድ ደረጃ ብቻ አውርዳችሁ ካንዴላውን አንብቡ። ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ቀለም ጥሩ ነው። ነጭ ከሆነ አልፋችሁ ሄዳችኋል።

ለአዲስ አበባ ያስተካከላችሁትን ሞተር ጭናችሁ አዳማ ወይም አዋሽ ከወረዳችሁ ጄቱን ወደ ነበረበት መልሱ። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው። ቤንዚን ያነሰው ኢንጂን ይግላል፣ ፒስተን ያቀልጣል። የወጣውን ጄት በትንሽ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ከመፍቻዎቻችሁ ጋር ያዙት። በኢንጀክሽን የሚሠሩት ከፍታውን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

የማይጠፋ ነጭ

ራዲያተር ያላት ሞተር ከሞቀች በኋላም ወፍራም ነጭ ጭስ ካወጣችና ጣፋጭ ነገር ከሸተተ ኩላንት (የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እየተቃጠለ ነው። ይህች አትነዳም፣ ትቁም። ኢንጂኑ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ አስነሱ። አረፋ ሳይቋረጥ ከወጣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም ኦሪንግ ለቋል። በሙቅ ኢንጂን ላይ ግን ክዳኑን በፍጹም አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ደግሞ የውሃ ፓምፑ ሲል ነው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ።

ዕቃ ስትገዙ፣ ከጥገናም በኋላ

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። የቫልቭ ጎማና ኦይል ሲል ላይ የውስጥና የውጭ ልክ ተጽፏል፤ በዓይን አትመሳስሉ። ለፎር ስትሮክ ጃሶ ኤምኤ የሚል ዘይት ግዙ። የመኪና ዘይት አንዳንዱ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል። የጣሳው ማሸጊያ የተነካካ ከሆነ ትታችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ተጠግና ስትነሳ እንደገና ብታጨስ አትደንግጡ። ሲገጠም የተቀባው ዘይት መጀመሪያ ይቃጠላል። ቱ ስትሮክ ላይ ደግሞ ማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመው አሮጌ ዘይት ነቅሎ እስኪያልቅ ብዙ ይቆያል፤ ማርሚታውን አውልቃችሁ ማፍሰስ ይረዳል። አዲስ ፋሻ ከገባ በሚኒሞ ለረጅም ጊዜ አታቁሟት። አሙቋት፣ ጋዙን እየጨመራችሁና እየቀነሳችሁ ንዷት፣ ፋሻው የሚላመደው በዚያ ነው። ከዚያ ማታ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟት፣ ቤንዚኑን ዝጉ፣ ጠዋት ዘይቷን ለክታችሁ ያንኑ ነጭ ወረቀት ያዙላት።